ስድስት ወይስ ስምንት፦ የጓድ አካለ ወልድ ዘንግ

ብቸና፣ ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለመምህርት ባንቺዓለም
ሞጣ

በብቸና አውራጃ በምንገኝ የእርሻ ሠራተኞች ዘንድ ከትናንት ከቀትር በኋላ ጀምሮ የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የተምች ጉዳይ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ዝቅ ማለቱን፣ የአንደኛውን ደረጃ መንበር አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መረከቡን በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት አስታውቅሻለሁ። ዘንጉ ገና አልተገዛም። ሳይገዛ እንዲህ ያደረገ ሲገዛ ምን እንደሚያደርግ አንድዬ ያውቃል።

እንዴት ሰነበትሽልኝ ባንቺዬ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከእግሬ በቀር። እግሬ አልቀመጥ ብሎኛል። ከቢሮ እስከ ፖስታ ቤት፣ ከፖስታ ቤት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ስመላለስ ያየኝ ሁሉ «ፋንታ ምን ጠፍቶበት ነው?» ይላል። ሚስቱ ሞጣ ናት በሏቸው።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ሹራቡን እለብሰዋለሁ። አይ፣ ከአከራዬ ዶሮ ጋር ገና አልታረቅንም። የመልቀቂያው ነገር የት ደረሰ ላልሽው ግን ስለ ዘንግ ሳልናገር መልስ መስጠት አልችልምና ታገሺኝ።

አለቃዬ ጓድ አካለ ወልድ በክረምቱ ለኮርስ ሄደው ሐይቅ ዳር ያርፋሉ። እዚያ አንድ ፈረንጅ እንደ አርጩሜ በቀጠነ ዘንግ ዓሣ ሲያወጣ አዩ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነዋል። «የሱሃ ወንዝ ዓሣ ያልተነካ የሕዝብ ሀብት ነው፤» ይላሉ፤ «አገሬው ብርብራ ወቅጦ ውኃው ላይ እየበተነ፣ ዓሣውን እያሰከረ ይለቅማል። አብዮቱ ዓሣን የሚይዘው በንቃት እንጂ በስካር አይደለም!» አጨበጨብን። ዓሣው ነቅቶ ከምን እንደሚጠቀም ግን የጠየቀ የለም።

የወንድማቸው ልጅ ካናዳ ይማራል። ጥር ላይ ወደ አገሩ በሚመለስ ጓደኛው አንድ ዘንግ ልላክልዎ ብሎ መምረጫ ካታሎግ ላከላቸው። ትናንት ሁላችንንም ሰብስበው «ከመካከላችሁ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ማነው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ የገዛ ጫማዬን ማየት ስለሚያሳፍረኝ ቀና ብዬ ነበር፤ ተመረጥሁ። እንግሊዝኛዬን አንቺ ታውቂዋለሽ። የሠርጋችን ዕለት እንኳ የፈረንጅ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ያነበብሽው አንቺ ነሽ።

እናም ጓድ አካለ ወልድ በታይፒስቷ በይርጋነሽ ፊት እንዲህ አሉኝ፦ «ፋንታ፣ ትክክለኛውን ዘንግ ምረጥ። ዘንጉ መጥቶ የመጀመሪያውን ዓሣ ባወጣ ቀን መልቀቂያህን እፈርማለሁ።» እንግዲህ የሞጣው የንብረት ክፍል ቦታ ክፍት ነው፣ እነሱ ሊቀበሉኝ ፈቅደዋል፣ የቀረው የኚህ ሰውዬ ፊርማ ነው። ፊርማቸው ደግሞ በዓሣ አፍ ውስጥ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው፤ አብረን ያደርንባቸውን ቀኖች ከጾም ቀኖች ጋር ባስተያያቸው ጾሙ በሰፊው ያሸንፋል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ካታሎጉ ላይ በቁመትም በመልክም አንድ የሆኑ ሁለት ዘንጎች አሉ። በአንደኛው ሥር «ግራፋይት አይ ኤም 6»፣ በሌላው ሥር «ግራፋይት አይ ኤም 8» ይላል። ካርታ ሠሪያችን ውበቴ «ግራፋይት ማለት የእርሳስ ልብ ነው» ብሎ ማለ። እርሳስ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነውና አመንነው። «ቁጥሩም እንደ እርሳስ ቁጥር ነው፤ ከፍ ሲል ይጠነክራል። ለማንኛውም መቅረጫም አብሮ ይምጣ፤ ጫፉ ሲደንዝ በምን እናሾለዋለን?» ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ገጹን ቀድጄ ልኬልሻለሁ። አንብቢና አድኝኝ። ስድስት ወይስ ስምንት?

አልቀመጥ ያለው ባልሽ
ፋንታ


ሞጣ፣ ኅዳር 1 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር የዘንግ ጉዳይ ኃላፊ ለአቶ ፋንታ

በቅድሚያ ጫማ ግዛ። ጫማህ ደህና ቢሆን ኖሮ እንደ ሰው ሁሉ አጎንብሰህ ታልፈው ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። አዎ፣ የቤቱን ጣራ እንድሪስ አሠርቶልኛል፤ አከራዬ እትዬ ሀብትነሽ «ባልሽ በደብዳቤ ካልሆነ በቀር መዶሻ አያነሣም» ብለው ሳቁብኝ። የንብረት ክፍሉ ቦታ እንዴት ነው ላልኸው፦ ወንበሩ አለ።

ጣራ ካነሣሁ አይቀር፣ የዘንግህን ነገር ለእንድሪስ ብነግረው የቆርቆሮ ነጋዴ ነውና ወዲያው ፈረደ። «መምህርት፣ ይህማ ምን ያጠያይቃል! ባለ ሠላሳ አምስት ቆርቆሮ ከባለ ሃያ ስምንቱ የሳሳ ነው። ቁጥር ሲወጣ ዕቃ ይሳሳል። ወላሂ፣ ቁጥር የሚያታልለው ገዢን ነው እንጂ ሻጭን አይደለም። ስድስቱን ይውሰድ!» አለኝ። ውበቴ በእርሳስ ሽቅብ፣ እንድሪስ በቆርቆሮ ቁልቁል። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤቱን መዝገበ ቃላት ተሸክሜ መካከል ላይ ተቀመጥሁ።

አሁን ስማኝ፣ በጥሞና። ግራፋይት የተባለው እውነትም ከእርሳስ ልብ ጋር ይዛመዳል፤ ነገር ግን የአንድ አያት ልጆች ሁሉ አንድ ሥራ አይሠሩም። ይኸኛው ከጠጕር የቀጠነ ጥቁር ክር ነው። ክሩ በሙጫ እየተያያዘ ይጠቀለልና ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ ይሆናል። መቅረጫ አያሻውም ብለህ ለውበቴ ንገረው፤ ቃለ ጉባኤውም ይታረም።

ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ክሩ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ክሩ ይበልጥ ግትር ይሆናል። ግትር ስለሆነ ፋብሪካው ጥቂት ክር ብቻ ይበቃዋል፤ ዘንጉ ቀጭንና ቀላል ይሆናል። ቀላል በመሆኑ ዓሣው ገና ከንፈሩን መንጠቆው ላይ ሲያሳርፍ እጅህ ያውቃል። እስከዚህ ድረስ ስምንት ያምራል፣ አይደል? ግን ግትር ማለት ጠንካራ ማለት አይደለም፣ ፋንታዬ። ገላው ስስ ነውና ድንጋይ ሲመታው ወይም ያለ አግባብ ሲያጎብጡት ጎንበስ ብሎ አያሳልፍም፤ ይሰበራል። ስድስቱ ትንሽ ይከብዳል፣ ትንሽ ይለመጣል፣ ብዙ ይችላል። እናቴ የጥጥ መንደፊያ ደጋን ስታስቆርጥ «እሺ የሚል እንጨት አምጡልኝ» የምትለው ለዚህ ነው። እምቢ የሚል እንጨት አንድ ቀን ጥጡን ትቶ የነዳፊዋን ዓይን ይነድፋል።

(የምናገረው ስለ ዘንግ፣ ስለ ዘንግ ብቻ መሆኑን ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ ለሚከፍቱ ወገኖች በትሕትና አስታውቃለሁ።)

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩን ያወጣው ክሩን የሚፈትለው ፋብሪካ ነው፤ ዘንግ ሠሪዎቹ እየተዋሱ ይለጥፉታል። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ሚዛን የለም፤ ያንዱ ስምንት ከሌላው ስድስት ላይሻል ይችላል። ቁጥር ብቻ አይቶ ዘንግ መግዛት በአባቷ ስም ብቻ ሚስት እንደ ማግባት ነው። መጠየቅ ያለበት፦ ዓሣው ምን ያህል ነው? ወንዙ ምን ይመስላል? የሚይዘውስ ማነው? ሱሃ ድንጋይ በድንጋይ ነው። የሚይዙት ደግሞ ጓድ አካለ ወልድ ናቸው፤ አንተ እንደጻፍህልኝ የቢሮውን በር እንኳ ሲዘጉ መስተዋት የሚያረግፉ። ስለዚህ ስድስት። ስድስት! ሌላ ቃል የለኝም።

ጻፍልኝ። ቶሎ።

ባንቺዓለም


ብቸና፣ ኅዳር 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

የኔዋ ባንቺዓለም

ዘንድሮ ጤፉ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ከብቸና ወጣ ሲሉ ሜዳው ሁሉ ነጭ ነጠላ የተሰጣበት ይመስላል። ብርዱ ጠንክሯል። ጠዋት ጠዋት አመዳይ ይጥላል። ሹራቡ ጥሩ ሹራብ ነው። አጨዳው ተጀምሯል፤ አጨዳ ሲጀመር እንግዲህ ቢሮ ውስጥ የሚቀር ሰው የለም፤ እኔም በጣም ሥራ በዝቶብኛል።

የጻፍሽውን ሁሉ በመሥሪያ ቤት አማርኛ አስቀምጬ፣ ደጋኑንና የወንዙን ድንጋይ ጨምሬ፣ በሁለት ገጽ አቅርቤአለሁ። ይርጋነሽ ስትተይበው «ይህን ያሰበው ጭንቅላት ያንተ አይደለም» አለችኝ። ጓድ አካለ ወልድም አንብበው «ግሩም ጥናት ነው» አሉ። ከዚያም ስብሰባ ሆነ። ውይይቱ ሞቅ ያለ ነበር። ሁሉም ወገን ሐሳቡን ሰጠ። ውሳኔም ተሰጠ። ደብዳቤው ለካናዳ ሄዷል።

ከዶሮው ጋር ታርቀናል፤ አርደውታል።

ላንቺ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ
ፋንታ


ሞጣ፣ ኅዳር 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ፋንታ

ስለ ጤፍ ጻፍህ፤ ስለ አመዳይ ጻፍህ፤ ስለ ዶሮ ፍጻሜ ሳይቀር አበሠርኸኝ። ከላይ እስከ ታች ባነብበው ባነብበው አንድ ቁጥር የለም። ቁጥር የሌለበት ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥሩ ስምንት ነው።

መካድ አያስፈልግም። እንድሪስ ለረቡዕ ገበያ ብቸና ወርዶ ሳለ ይርጋነሽ ሙሉውን ቃለ ጉባኤ በአፍ አስረክባዋለች። «መምህርት፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፤» ይለኛል እየሳቀ፤ «ያንቺው ሰውዬ ስድስት ይሻላል ብሎ ሲያስረዳ ጓድ አካለ ወልድ ተነሡ አሉ። ‘ጓዶች! እኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን በአውራጃው አንደኛ ሆኜ ያለፍሁ ሰው ነኝ። የስድስተኛ ክፍል ዘንግ ይዤ ሕዝብ ፊት ልቁም? ነገ የደጀን ጓዶች ስምንት ይዘው ቢመጡስ?’ አሉ። ያን ጊዜ እንኳን ሰው ወንበሩም አጨበጨበ።»

አንተስ? አንተም አጨበጨብህ? እንዳትመልስልኝ። እኔም ብሆን አጨበጭብ ነበር መሰለኝ፤ ግን ቀስ ብዬ።

አሁን ተራው የኔ ነው። ባለፈው «ወንበሩ አለ» ብዬህ ነበር። ወንበሩ አለ፤ ዓይኑን የጣለበት ሌላ ሰውም አለ። ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል፣ ከአምበር ሊዛወር የሚፈልግ፣ መልቀቂያውን አስፈርሞ የጨረሰ። እንዳትረበሽ ብዬ ደበቅሁህ፤ አንተ ግን በጤፍ ስትደብቀኝ እኔ ብቻዬን ምን አስጨነቀኝ? የእዚህ ኃላፊዎች የሚጠብቁህ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ወንበሩ የሱ ነው፤ አንተም የሐምሌና የነሐሴ ባል ሆነህ ትቀራለህ።

እትዬ ሀብትነሽ ትናንት ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ ባልሽ መልኩ እንዴት ነበር?» አሉኝ። ‘ነበር’ አሉኝ፣ ፋንታ።

ያ ዘንግ እንደ ምንም ብሎ ዓሣ ያውጣ። ስምንትም ቢሆን። ስለ እመ ብርሃን፣ ድንጋይ አታስነኩት።

ባንቺዓለም


ብቸና፣ ጥር 23 ቀን 1979 ዓ.ም.

ባንቺዬ

ድንጋይ አላስነካነውም። ይህን በቅድሚያ ልንገርሽ። ሱሃም አልወረድንም። ዓሣ የሚባል ፍጥረት በአካባቢው አልነበረም።

ዘንጉ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። በረዥም ቱቦ ውስጥ ሆኖ፣ በጨርቅ ከረጢት ተሸፍኖ፣ እንደ ታቦት በሰልፍ ገባ። በጥቁር ገላው ላይ «8» የሚለው በወርቅ ቀለም ያበራል። ጓድ አካለ ወልድ ሠራተኛውን በሙሉ ደጅ አሰለፉ። ዘንጉን ገጣጠሙት፤ ወዘወዙት፤ ጫፉ «ሽው» አለ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። እኔ እንኳ ላፍታ አንቺን ከዳሁሽና «ስምንት ይሻል ይሆን?» አልሁ በልቤ።

ከዚያ ሰውየው ፈገግ አሉ። «ጓዶች፤» አሉ፤ «ፈረንጅ ዱላ እናውቃለን ይላል። ዱላስ በጎጃም!»

ቀሪውን ታውቂዋለሽ። የዚህ አገር ሰው አዲስ ዱላ ሲሰጡት ምን ያደርጋል? አባትሽ ምን ያደርጋሉ? አባቴ ምን ያደርግ ነበር? ጫፉን ድንጋይ ላይ ተክሎ፣ መያዣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ይጫነዋል። ሽመልም ወይራም ከዚያ ፈተና ሳያልፍ ከሰው ጋር መንገድ አይወጣም። ጓድ አካለ ወልድም ጫፉን በቢሮው ደፍ ላይ ተከሉና በሙሉ ኃላፊነታቸው ተጫኑት።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። የደረቀ የባቄላ አገዳ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ከሁለት ቦታ ተሰበረ።

ውበቴ «ይኸው፣ የእርሳስ ልብ ብያችሁ ነበር» አለ በሹክሹክታ። ጓድ አካለ ወልድ ቁራጩን ይዘው ዞር ዞር አሉና «ይህን ዘንግ ማነው የመረጠው?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስድስት ይሻላል ብዬ ያቀረብሁት ሁለት ገጽ ወዴት ሄደ ብዬ ፋይሉን ብከፍት የለም። ይርጋነሽን ብጠይቃት «ተዛውሯል» አለችኝ። እዩት እንግዲህ፤ ወረቀቱ ተዛወረ፣ እኔ ቀረሁ።

ቢሯቸው ገብቼ ስለ መልቀቂያው ለመንኋቸው። «የመጀመሪያው ዓሣ ሲወጣ ነው ያልሁት፤ ዓሣህ የታለ?» አሉኝ። እሳቸውም አዝነዋል፣ አትፍረጂባቸው። ሚያዝያ 23 በላብ አደሮች ቀን ለክፍለ ሀገር እንግዶች ዘመናዊ የዓሣ አወጣጥ አሳያለሁ ብለው ቃል ገብተዋል። ለወንድማቸው ልጅ «ተጭኜ ሰበርሁት» ብለው እንዳይጽፉ ወንድማቸው ሰምተው እስከ ፋሲካ ይስቁባቸዋል።

እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እሄዳለሁ እመለሳለሁ። የካቲት መጨረሻ እንደ ባቡር ሲመጣ ይሰማኛል፤ ባቡር አይቼ አላውቅም እንጂ።

ከቱቦው ውስጥ አንዲት ትንሽ ወረቀት ወድቃ ይርጋነሽ ልትጥላት ስትል፣ እንግሊዝኛ ስለሆነች አንቺን መሰለችኝና አነሣኋት። ይኸው ልኬልሻለሁ። ለምንም አትጠቅምም ይሆናል።

ፋንታ


ሞጣ፣ የካቲት 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ፋንታዬ

ያቺ ወረቀት የፋብሪካው ዋስትና ናት። ዘንጉ በሥራ ላይ ሳለ ቢሰበር፣ ቁራጩና የአሰባበሩ ሁኔታ ተጽፎ ከተላከ ፋብሪካው ምትክ ይሰጣል። ጥያቄው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ አድምጠኝ። አንደኛ፣ ቁራጮቹን ማንም እንዳይጥላቸው፤ ውበቴ አንዱን ለማስመሪያ ሳይወስደው ቶሎ ቆልፍባቸው። ደግሞ ለጓድ አካለ ወልድ «ባለቤቴ ቅዳሜ ከእንድሪስ መኪና ጋር ትመጣለች፤ ለዘንጉ መላ አለኝ ትላለች» በላቸው። ከዚህ በላይ አንድ ቃል እንዳትጨምር። እኔ ከሳቸው ጋር ስነጋገር አንተ ክፍሉ ውስጥ እንዳትሆን። ፊትህ ሳይጠየቅ ይመሰክራል።

አዎ፣ ፈርቻለሁ። አትጠይቀኝ።

ባንቺዓለም


ብቸና፣ የካቲት 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጀግናዋ ባለቤቴ

ክፍሉ ውስጥ አልነበርሁም። ትእዛዝሽን አክብሬ ከበሩ ውጭ ነበርሁ፤ ጆሮዬ ብቻ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። የይርጋነሽም ጆሮ ከኔ ከፍ ብሎ እዚያው ነበር። የሰማነውን ልጻፍልሽና የተሳሳትሁት ካለ ታርሚኛለሽ።

«እዚህ ላይ፣ ጓድ፣ በምን ሁኔታ እንደ ተሰበረ ይገለጽ ይላል። ምን ልበል?» አልሽ።

ጓድ አካለ ወልድ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ተሰማ።

«በሥራ ላይ በይ።»

«በምን ሥራ?»

«በዓሣ ሥራ ነዋ!»

«ዓሣው ምን ያህል ነበር ልበል?»

«ከባድ።»

«ከባድ ዓሣ፤» አልሽ፤ ብዕርሽ ወረቀቱን ሲጭር ይሰማል። «ከዚያስ፣ ዓሣው ምን ሆነ?»

«አመለጠ በይ። እውነት እንዲመስል።»

እዚህ ላይ ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

«ምትኩ ስድስት ይሁን ስምንት?» አልሽ።

«ስምንት!»

«እርስዎ ራስዎ ያጠምዱበታል?»

«እኔማ እመራለሁ። የሚያጠምደው ውበቴ ነው።»

«እንግዲህ ለውበቴ ስምንት ልጠይቅለት?»

«ለውበቴ! ውበቴ ማነውና? ስድስት ይበቃዋል!»

ባንቺዬ፣ እኔ ያን ስድስት በሁለት ገጽና በአንድ ደጋን ላስገባው ያልቻልሁትን አንቺ በውበቴ ስም አስገባሽው።

ከዚያ ብዕሩን ስታስቀምጪ ሰማሁ። «እጄ ዛለ፣ ጓድ፤» አልሽ። «የሚቀረው አንድ ገጽ ነው። ከሞጣ እዚህ ድረስ መንገዱ አድቅቆኛል። ባሌ ሞጣ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልንከራተትም፣ እንግሊዝኛዬም ቀጥ ይልልኝ ነበር።»

«ይህ ማስፈራራት ነው?»

«ኧረ በእመ ብርሃን! ናፍቆት ነው እንጂ።»

ያኔ ወንበራቸው ተንቋቋ። መሳቢያ ተከፈተ፤ መልቀቂያዬ ተፈረመ፤ አንቺም የቀረውን ገጽ ጨረስሽ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ የሆነውን ግን አላየሽም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ፊርማው ነበረ፤ ማኅተሙ ግን አልነበረም። ማኅተሙን የያዘው ሒሳብ ሹሙ ለልቅሶ ሮብ ገበያ ከተማ ሄዷል ተባለ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ሲመጣ ቁልፉን ረስቶት መጥቷል። ደግሞ ጠበቅሁ። ቁልፉ ሲመጣ የማኅተሙ ቀለም ደርቋል። ይርጋነሽ የብዕር ቀለም አንጠባጠበችበት፤ ውበቴ ወረቀቱን ወጥሮ ያዘ፤ ሒሳብ ሹሙ መታው። ከኮከቡ አንዱ ጫፍ አልወጣም። ኮከቡ ጎዶሎ ነው ብለው ይመልሱኝ ይሆን ብዬ እስካሁን ከኪሴ እያወጣሁ አየዋለሁ። ጓድ አካለ ወልድ ደግሞ ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ አገኙኝና «ፋንታ» ብለው ጠሩኝ፤ ኪሴን በእጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝሁ። «ለባለቤትህ ንገራት፤» አሉኝ፤ «ዓሣው ሲያመልጥ ውኃውን እንዴት እንደ ረጨ ብትጨምርበት ጥሩ ነበር።» ስመው ለቀቁኝ። ዓሣውን ማመን ጀምረዋል መሰለኝ።

ሠራተኛው የመሸኛ ጠላ አቅርቦልኛል። ጓዜ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ነው። እንድሪስ ከመኪናው ላይ ሆኖ «ሰውዬ፣ ውጣ እንጂ! ደብዳቤ ይጻፋል እንዴ አሁን?» እያለ ጥሩምባ ይነፋል። እውነቱን ነው። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤትም እንድሪስም አያደርስልሽም፤ የሚያደርስልሽ ጸሐፊው ራሱ ነው። ግን ሁለት ዓመት በወረቀት ባል ሆኖ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ በአፉ ምን ብሎ ይጀምራል? በር ላይ ቆሜ ቃል ቢጠፋኝ ይህን እሰጥሻለሁ፤ እስክታነቢው ድረስ ፊትሽን አያለሁ።

መጣሁ።

ፋንታ

እርማት። ለካናዳ በተላከው የምትክ መጠየቂያ ላይ «ዘንጉ የተሰበረው ከከባድ ዓሣ ጋር በተደረገ ትግል ነው» ተብሎ የተገለጸው በስሕተት ስለሆነ፣ «ከባድ» የሚለው ቃል እንዳለ ሆኖ፣ «ዓሣ» የሚለው «ኃላፊ» ተብሎ እንዲነበብ በአክብሮት እናሳስባለን።